የኮምፒውተሩ ካፖርት

«ማንም እንዳይነካው! ማንም!»

እማዬ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ከወንበሩ ብድግ አለች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ቀለበት ትዞራለች። ሌላ ሥራ የላትም፤ መዞር ብቻ። ከቀለበቷ ሥር እማዬ አንገቷን ደፍታ ስትጽፈው የዋለችው የመድኃኒት ቤቱ የወር ሪፖርት ተዘርግቷል። እማዬ ፋርማሲስት ናት፤ ሪፖርቱ ደግሞ ነገ ጠዋት አለቃዋ ዘንድ መድረስ አለበት።

«ሴቭ አድርገሽዋል አይደል?» አለች ቃሪያ ከበሩ ላይ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ።

«ሴቭ ላደርገው ስል አይደል እንዴ እንዲህ የሆነው!»

ቀለበቷ ቆመች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ፤ ኮምፒውተሩም ረጅም «ፉፍፍፍ» ካሰማ በኋላ ጸጥ አለ። ሪፖርቱም አብሮት ሄደ።

እማዬ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። መነጽሯን አወለቀችና በጣም በቀስታ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ቃሪያ ይህን ምልክት ታውቀዋለች፤ እማዬ መነጽሯን ስታጣጥፍ ነገር አልቋል ማለት ነው።

«በቃኝ» አለች እማዬ። «ይኼ ዕቃ ስንት ጊዜ ጉድ ሠራኝ! የኮምፒውተር ጠጋኙ ባለፈው አይቶት አርጅቷል ብሎ የለ? ቅዳሜ ይምጣና ይውሰደው። ፈታትቶ ለዕቃ ያድርገው፤ እኔም ጠረጴዛዬን ላግኝ።»

«ፊልሜስ?»

«ምን ላድርግሽ፣ ልጄ?»

ቃሪያ የቤት ስሟ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ነው ይላሉ፤ አክስቷ ግን «የለም፣ ስለምታቃጥል ነው» ትላለች። ይቺ የምታቃጥል ልጅ ለትምህርት ቤቱ የፊልም ቀን ፊልም እየሠራች ነበር። ፊልሟ ውስጥ ሰው የለም። ዋናው ተዋናይ ከካፖርት ላይ የወደቀ አንድ ቀይ ቁልፍ ነው፤ ቤቱን እየዞረ የሚገባበትን ቦታ ይፈልጋል። ቁልፉን ትንሽ ታንቀሳቅሳለች፣ በስልክ ፎቶ ታነሣለች፤ ደግሞ ትንሽ ታንቀሳቅሳለች፣ ደግሞ ታነሣለች። ፎቶዎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ሲገጣጠሙ ቁልፉ ነፍስ ዘርቶ ይሄዳል።

መጨረሻው ሌላ መሆን ነበረበት። በአክስቷ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት ቁልፎች በሙሉ ግልብጥ ብለው ወጥተው ቀዩን ቁልፍ አጅበው ወደ ቦታው ሊያደርሱት ነበር። ግን ያንን የፎቶ መዓት ለመገጣጠም በሞከረች ቁጥር ኮምፒውተሩ ክልትው ይላል። በመጨረሻ ቃሪያ ተሸነፈች፤ ትዕይንቱን ቆርጣ ጣለችው። አሁን ቀዩ ቁልፍ ተንከባሎ ቁም ሣጥን ሥር ይገባና ፊልሙ ያልቃል። አጭር ነው፣ አሪፍ ነው፣ ምን ይላል እያለች ራሷን ስታጽናና ነበር። እንግዲህ እሱም ቀረ ማለት ነው?

«እማዬ፣ በሞቴ፣ እስከ ቅዳሜ ስጪኝ» አለች። «አፈጥነዋለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ!»

እማዬ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እስከ ቅዳሜ ያው ያንቺ ነው። ቅዳሜ ግን ካልሠራ ልቅሶ የለም፤ ተስማማን?»

ክፍሉ ጥግ ላይ የተቀመጠችው አክስት ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ ተነሣች፤ ኮምፒውተሩ ዘንድ ሄዳ ልብሱን አስተካከለችለት። አዎ፣ ልብሱን። እትዬ የእማዬ ታላቅ እኅት ናት፤ ቤቱ ውስጥ ሁሉም እትዬ ይላታል። በልብስ ስፌት ያረጀች ናት። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቋን ዘግታ እነሱ ዘንድ ገባች፤ ከስፌት መኪናዋ ጋር ከመሰነባበቷ በፊት የሰፋችው የመጨረሻ ሥራ ይኼ ነው። ለስክሪኑ የሚገለጥ መሸፈኛ፤ ሲፒዩ ለሚሉት ሳጥን ደግሞ አረንጓዴ የከፈይ ካፖርት፣ ገበር ያለው፣ ቢጫ አበባ የተጠለፈበት። ከፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋ ትንሽ ኪስ አለው፤ ኮምፒውተሩን ለማብራት ኪሱን መክፈት ነው። ከኋላ ሽቦዎቹ ብቻ የሚያልፉበት ጠባብ ቀዳዳ አለው። ዕቃው ቀንም ሌትም አያወልቀውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ወይኔ ሲያምር!» ይባላል፤ እትዬም «አቧራ ነው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠላቱ» ብላ ቀና ትላለች።

«አይዞህ» አለችው አሁን ሳጥኑን፣ አበባውን በመዳፏ እየደባበሰች። «ቃሪያ አለችልህ።»

*

በማግስቱ ቃሪያ በቀጥታ ወደ ፕሮፌሰር ሄደች። ፕሮፌሰር የክፍሏ ልጅ ነው፤ ይህን ስም ያገኘው የማይመልሰው ጥያቄ ስለሌለ ነው። መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ይቺ ናት እንዴ ያስጨነቀችሽ?» አለ እየሳቀ። «የኔን ብታዪው ሮኬት ነው። ሦስት ማፍጠኛ ፕሮግራም አለ፤ በፍላሽ እሰጥሻለሁ። ግን አንዱን ብቻ አይደለም፣ ሦስቱንም ጫኚበት። ፋራ እንዳትሆኚ።»

ፋራ ላለመሆን ሦስቱንም ጫነች። ከዚያማ ጉድ ፈላ! አንደኛው ማፍጠኛ «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው!» ብሎ በቀይ ይጮሃል። ሁለተኛው አንደኛውን ጠላት ነው ብሎ ያሳድዳል። ሦስተኛው ሁለቱን ሊያስታርቅ ይሁን ሊያፋጅ ሳይታወቅ ስክሪኑን ሞልቶ ይቀመጣል። ማውዟን ስትገፋ ቀስቷ ትንሽ ቆይታ፣ አስባበት ትነሣለች።

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ፕሮፌሰርን የውሃ ቧንቧው ጋ አፋጠጠችው።

«እውነቱን ንገረኝ። ያንተ ላይ ሠርቷል?»

«የኔ ላይ… ማለት…»

«ሠርቷል ወይስ አልሠራም?»

ፕሮፌሰር ጫማውን አየ። ጫማው ላይ ምንም የለም። «ኮምፒውተር እንኳ የለኝም» አለ።

«ምን?!»

«ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። የለኝም ማለት ከበደኝ። ማፍጠኛውን የሰጠኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እሱም ሞክሮት አያውቅም መሰለኝ።»

የቃሪያ ቆሽት አረረ። ነገ ቅዳሜ ነው! እዚያው ልታወርድበት አፏን ከፍታ ነበር፤ ግን የልጁ ጆሮ በርበሬ መስሎ ስታየው አንጀቷ አልቻለም።

«ከትምህርት በኋላ ቤት ትመጣለህ» አለችው። «ያስገባኸውን አብረን እናወጣዋለን። ወሬ ግን የለም! የምታውቀውን አውቃለሁ፣ የማታውቀውን አላውቅም ትላለህ።»

«እሺ» አለ ፕሮፌሰር፣ ዕድሜ ልኩን ያልተናገረውን ቃል እንደሚለማመድ ሰው።

ቤት ሲደርሱ እትዬ ግቢ ውስጥ እስከ ክርኗ በአረፋ ተነክራለች። ነገ ጠጋኙ ስለሚመጣ የኮምፒውተሩን ልብስ አውልቃ እያጠበች ነው። «ሊሄድም ቢሆን፣ ቆሽሾ አይሄድም» አለች። ሁለቱ ልጆች ከመቀመጣቸው ሥራ ጀመሩ። ፕሮፌሰር የፕሮግራሞቹን ስም አንድ በአንድ ያነባል፤ ቃሪያ ትፈርዳለች።

«ይኼስ?»

«ማፍጠኛ። ይውጣ!»

«ይኼ የመኪና ውድድሩ?»

«ሰባተኛ ክፍል እያለሁ የተጫወትኩት ነው። ይውጣ!»

«ይኼ… አላውቀውም» አለ ፕሮፌሰር። አንዴ ካለው በኋላ ቀለለው መሰል፣ «ይኼንንም አላውቀውም! ይኼንንም!» እያለ ይደሰትበት ጀመር። ያላወቁትን ፈልገው ካነበቡ በኋላ ነው የሚወስኑት። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሳይጠሩ ተሰብስበው የሚነሡትን ፕሮግራሞችም ቃሪያ አንድ በአንድ አስተኛቻቸው። ከዚያ ሪስታርት አደረገችና ሁለቱም አገጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ጠበቁ።

ከመቼው በራ! ፊልሟን ከፈተችው፤ ተከፈተ። ፎልደሩን ከፈተች፤ ተከፈተ። ቀዩ ቁልፍ ሳይንገዳገድ፣ ሳይቆም ከወንበር ወደ ወንበር ዘለለ። ዘግተው እንደገና አዩት። ደግመው አዩት። እስኪመሽ አንዴም አልቆመም።

«ሮኬት!» አለ ፕሮፌሰር ወንበሩ ላይ ቆሞ። ቃሪያም ግቢ ወጥታ እትዬን ከነአረፋዋ አቀፈቻት። እማዬ ከሥራ ስትገባ፣ «ነገ ጠዋት ጠጋኙ ከመምጣቱ በፊት አሳይሻለሁ! አንድ ቃል አልናገርም፣ አንቺው ታዪዋለሽ!» አለቻት፤ ቃሉን ግን እስክትተኛ ድረስ ስትደጋግመው አመሸች።

*

ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሙሽራ መስሎ ጠበቃቸው። እትዬ በማለዳ ተነሥታ ከፈዩን ተኩሳ አልብሳዋለች፤ የፊቱን ኪስ ሳይቀር ቆልፋዋለች። «ሰው ፊት ሲቀርብ እንዴት ራቁቱን ይቀርባል?»

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። ኪሱን ከፈተች፣ አበራችው። በፍጥነት ተነሣ። ቅንድቧ ከመነጽሩ በላይ ወጣ። «እሰይ!» አለች። የሚቀጥለውን ወር ሪፖርት ከፈተች፤ ጻፈች፤ ቁጥር አስገባች። ቃሪያ ከጀርባዋ ቆማ ጥርሷ አልከደን ብሏት ትቁነጠነጣለች። እማዬ ሌላ ገጽ ከፈተች። ፊደሎቹ ከጣቷ ኋላ መቅረት ጀመሩ። አንድ ፊደል፤ ቆይቶ ሌላ ፊደል። ከዚያ ያቺ የማታፍር ሰማያዊ ቀለበት መጥታ መዞር ጀመረች።

ቃሪያ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። በሩም ተንኳኳ።

ጠጋኙ ወፍራም፣ ደስተኛ ሰው ነው፤ ኪሱ ሁሉ ብሎን መፍቻ ነው። ቀለበቷን ከሩቅ አይቶ ሳቀ። «አላልኩዎትም፣ እመቤት? ይኼ ሸምግሏል። ይጦር እንጂ አይሠራም።»

«ልጄ፣ ዕቃውን ውሰድ» አለችው እትዬ ከጥግ። «ልብሱን ግን እንዳታስበው።»

እማዬ ወደ ቃሪያ ዞረች። ዓይኗ አዝኗል። «ሞክረሻል፣ የኔ ቆንጆ። ልቅሶ የለም ብለን አልነበር?»

ጠጋኙ ሽቦውን ነቀለ። ቃሪያ እንባዋን ለመደበቅ ጎንበስ አለችና፣ «እኔ አወጣዋለሁ» ብላ ሳጥኑን ከነልብሱ አቀፈችው።

«ኧፍ!»

ክንዷን መነጨቀች። የከፈዩ ጀርባ ከምድጃ የወጣ ይመስል ያቃጥላል። እንደገና ነካችው። ፊቱ ለብ ያለ ነው፤ ጀርባው እሳት ነው። ትላንት እንዲህ ነበር? ትላንት ሲሮጥ ነው የዋለው። ከትላንት እስከ ዛሬ ምን ተለወጠ? ፕሮግራሞቹ ያው ናቸው። ሽቦው ያው ነው። ትላንት ልብሱ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ነበር!

ገባት። ገብቷት ደስ ሊላት ሲል ደግሞ እትዬን አየቻት። እትዬ የሚንቀጠቀጡ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አቆላልፋ፣ አረንጓዴውን ከፈይ ሰው ሁሉ እያየላት ቀና ብላ ተቀምጣለች።

ዘዴማ ነበር። ልብሱን ለመታሰቢያ ነው ብላ አውልቃ፣ «አቧራ ነበር» ማለት ትችላለች። ማንም አይጠይቃትም፤ ኮምፒውተሩም ለዛሬ ይሮጣል። ነገ ግን እትዬ መልሳ ታለብሰዋለች። ከነገ ወዲያም ቃሪያ እትዬ ዞር ባለች ቁጥር እያወለቀች፣ ድምፅዋን በሰማች ቁጥር እያለበሰች፣ የገዛ አክስቷን ስትሸውድ ልትኖር ነው።

«አንዴ ይጠብቁን» አለችው ጠጋኙን። ሳጥኑን አስቀምጣ እትዬ ፊት ተንበረከከች። «እትዬ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

እጇን ይዛ መርታ ከፈዩ ጀርባ ላይ አሳረፈችው።

«ውይ!» አለች እትዬ። «ትኩሳት አለው እኮ!»

«ከጀርባው ፋን አለው፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዚያ ነው። ደፍነንበታል፣ እትዬ። ትላንት ስታጥቢው ራቁቱን ሲሮጥ ዋለ። ዛሬ ካፖርቱን ለብሶ…» የጀርባውን ጠባብ ቀዳዳ አሳየቻት። «ታፍኖ ነው እንጂ አላረጀም።»

ጠጋኙ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እማዬ አየት ስታደርገው መልሶ ገጠመው። እትዬ ጎንበስ ብላ ልብሱን አወለቀችው፣ አራት ቦታ አጣጠፈችው፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች ቃሪያ በልቧ።

«እንግዲህ ጀምረሽዋል» አለች እማዬ ዝግ ብላ። «ሰኪው።»

ትንሽ ካቀዘቀዙት በኋላ ሰኩት። ከጀርባው ሞቅ ያለ ነፋስ «ሽሽሽ» እያለ ወጣ፤ ታፍኖ የኖረ ትንፋሽ። እማዬ ሪፖርቱን ከፈተች። ሠንጠረዡን ከፈተች። ደብዳቤዎቿን፣ ዜናውን፣ የቃሪያን ፊልም፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ከፈተች፤ ነገር ፍለጋ እኮ ነው! ጠጋኙም አላስችል ብሎት ማውዙን ተቀብሎ የራሱን ፈተና ሁሉ ፈተነው። ሻይ ተጠጥቶ አለቀ። ቀለበቷ አልመጣችም።

«እኔ እኮ» አለ ጠጋኙ ጭንቅላቱን እያከከ፣ «ያኔ ሳየው ልብሱን አላወለቅኩትም። አበባው ደስ ብሎኝ ነው።» በራሱ ሳቀና ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ኮምፒውተሩ ቀረ። ቀረ! እማዬ ከወንበሩ ተነሥታ ረጅሟን ልጇን ከመሬት ልታነሣት ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ሁለቱም ግድግዳውን ተደግፈው እስኪደክማቸው ሳቁ።

የእትዬ በር ተከፈተ። ቃሪያ ሳቋን ዋጠች።

እትዬ አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላለች። በአንድ እጇ ከፈዩን፣ በአንድ እጇ ትልቁን መቀስ ይዛለች። ሱቋ ከተዘጋ ወዲህ ያንን መቀስ ያየው ሰው አልነበረም።

«የታለ ደንበኛው?» አለች።

«እትዬ… ተቀየምሽኝ?»

«ተይኝ እስቲ! ስንቱን ሰው ሳለብስ ኖሬ አንድ ቀን እጅጌው ጠበበኝ ያላለኝ የለም። ይኼ ምስኪን አፍ የለውም፤ ታፍኖ ዝም አለ። ደግሞ ደፍነንበታል ትላለች ቀጣፊ! መርፌ ይዘሽ ታውቂያለሽ አንቺ? እኔ ነኝ የደፈንኩት። በይ ነይ፣ ጨርቁን ወጥረሽ ያዢልኝ፤ እጄ እንደሆነ መደነስ ለምዷል።»

ፋኑን በሜትር ለካችው፤ ጎኑ ላይ ያሉትን መተንፈሻዎችም ለካች። በጠመኔ ክብ ሠራች። ቃሪያ ከፈዩን ወጥራ ያዘች፤ እትዬ ቆረጠች። መቀሱ መጀመሪያ ተንገዳገደ፤ ክቡን ሲይዝ ግን መንገዱን የሚያውቅ ይመስል ዞረ። ከዚያ የክቡን ጠርዝ በቢጫ ክር እንደ ቁልፍ ቀዳዳ አድርጋ ዘመዘመችው፤ ትልቅ፣ ክብ፣ የሚያምር የቁልፍ ቀዳዳ። ኮምፒውተሩን አለበሱት። ነፋሱ በቀዳዳው በኩል ወጥቶ የእትዬን የቀሚስ ጫፍ አወዛወዘው።

«አሁን ተነፈሰ!» ብላ እትዬ እጇን አጨበጨበች።

*

ከሰዓት በኋላ ስልክ ጠራ። ፕሮፌሰር ነው።

«ላክሽው? ፊልሙን? የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነው አሉ። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም ግን፤ ጠይቄ ልንገርሽ?»

«ጎበዝ! ጠይቅ» አለች እየሳቀች። «ልልከው ነው፤ ልየውና።»

ፊልሙ አንዴም ሳይደናቀፍ አለፈ። ቀዩ ቁልፍ ተንከባለለ፣ ቁም ሣጥኑ ሥር ገባ፤ አለቀ። ቃሪያ ቀስቷን «ላክ» የሚለው ላይ አደረገች። ጣቷ ማውዙ ላይ ቆየ።

ከሳጥኑ ጀርባ፣ ከአዲሱ ክብ መስኮት ጠርዝ፣ እትዬ ያልቆረጠችው አንድ ቢጫ ክር ቀርቷል። በሞቃቱ ነፋስ ይውለበለባል። ቃሪያ ቀዩን ቁልፍ ከኪሷ አወጣችና ክቡ መሐል አድርጋ ያዘችው። ክሩ መጥቶ ነካ አደረገው።

እጇን ከማውዙ ላይ አነሣች።

«እትዬ!» ብላ ተጣራች። «የቁልፍ ቆርቆሮሽን አውሺኝ።»

«ስንት ቁልፍ ፈልገሽ ነው?»

«ሁሉንም!»